ብሩክ ደረጃ ያወጣለት ሬስለር

ዛሬ ከሰዓት ጓደኛዬ ብሩክ በገዛ ፈቃዱ ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ ጥፊ ተቀበለ።

ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ስለነበርን፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የተዘጋጀ ትንሽ የሬስሊንግ ሾው ልናይ ሄደን ነበር። የሄድነው ለአንድ ሰው ብለን ነው፤ ለየትኛውም ትልቅ ካምፓኒ ያልፈረመ፣ ጭንቅላቱን በቀይ ጭምብል ሸፍኖ የሚገጥም ሬስለር።

ሾው አልቆ ፓርኪንጉ ላይ ክርክር ተነሳ። ሌሎች ደጋፊዎችም ስለገቡበት በእንግሊዝኛ ሆነ። እኔ "የዘንድሮ አንደኛ ሬስለር እሱ ነው" አልኩ።

ብሩክ ግን ከዘጠነኛ ከፍ አላደርገውም አለ። "ዝላዩ ቆንጆ ነው። ጥፊው ግን የውሸት ነው፤ እናቴ ዝንብ ስታባርር ከሱ የባሰ ትመታለች።"

(ብሩክ ሃውስኪፒንግ ነው የሚሠራው። በሕይወቱ የታገለው ከሆቴል ፍራሽ ጋር ብቻ ነው።)

አጠገባችን የኮቪድ ማስክ ያደረገ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። "ስንተኛ ነው ያልከው?" አለው በትሕትና።

"ዘጠነኛ። እሱም ሰው ስለጠፋ ነው።"

"ባለ ቀይ ጭምብሉ እኔ ነኝ" አለ ሰውዬው። "ከፈለግክ ጥፊውን ልታየው ትችላለህ።"

ያ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይበል? የጥፊውን ድምፅ ስሰማ የመኪና በር የተዘጋ ነው የመሰለኝ።

ሰውዬው አቅፎት፣ ውሃ ሰጥቶት ሄደ። ብሩክ ትንፋሹ ሲመለስ "እሺ፣ ሁለተኛ" አለ።

"ለምን አንደኛ አታደርገውም?" አልኩት።

"ፈርቶ ነው እንዳይሉኝ።"

እናንተስ፣ ባለቤቱ አጠገባችሁ ቆሞ ሰው ያማችሁበት ቀን አለ? እስቲ ኮሜንት ላይ አውሩን፤ ብሩክ ደረቱ በበረዶ ታሽጎ እያነበበ ነው።