የፀጋነሽ የፌስቡክ ደንብ

ፀጋነሽ ስልኳን ከእጇ የምትለየው ፊቷን ስትታጠብ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። እንጅባራ ላይ ሳሎኑን ማስዋብ የፈለገ ሰው የሚጠራው እሷን ነው። ጣሪያውን በጂብሰም የሚሠሩትን ታዛለች፣ ቀለም ትመርጣለች፣ ሶፋው የት እንደሚዞር ትወስናለች። እኔ ማናየሽ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ መጋረጃ እሰፋለሁ። ዘርፉን ሳልጨርስ «ፈጠን በይ ማኑ፣ ፎቶ ላነሣ ነው» ትለኛለች። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መሥራት ያደክማል፤ ግን እወዳታለሁ።

በ2008 ዓ.ም. የፌስቡክ ገጿ ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ተከታይ ነበረው። ደንብም አውጥታለት ነበር፤ ለሌሎች የዲኮር ባለሙያዎችም ታስተምራለች። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ቤት አይለጠፍም። የሌላ ሰው ሥራ የራስ ተደርጎ አይቀርብም። ለሰደበ ስድብ አይመለስም። ደንበኛው ሐዘን ላይ እያለ ቤቱን አሳይቶ ላይክ መሰብሰብ ደግሞ ነውር ነው። ይህን የመጨረሻውን እኔም ወድጄላት ነበር።

በዚያ ሰሞን የሠራነው የእመቤትን ሳሎን ነው። እመቤት መምህርት ናት፤ ከፀጋነሽ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ቤቱ ባለቀ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቁልፉን ለእኛ ትታ ለስብሰባ ዳንግላ ሄደች። ፀጋነሽ አስፈቅዳት ፎቶውን ለጠፈች፣ ስሟንም ታግ አደረገች። እመቤት ከስብሰባው መሐል ሆና የልብ ምልክት ላከችላት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አድማሴ ሱቃችን በር ላይ ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ታሞ የነበረው የእመቤት ወንድም ዓለምነው መተማ ላይ አርፏል» አሉን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማታ ስትመጣ ምንም ሳትሰማ ትደር። ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመዶቿን ይዘን እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ። እናንተም ማልዳችሁ ያንን ለሐዘን ቤት የማይሆን መጋረጃ አውርዱት።»

«እሺ ጋሼ» አልናቸው።

እሳቸው እንደሄዱ ፀጋነሽን መቀመጥ አቃታት። ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን ትከፍታለች። ከፎቶው ሥር «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ይጎርፋል።

«ማኑ፣ ወንድሟ ሞቶ እኔ በቤቷ እልልታ ልሰብስብ?» አለችኝ።

«ተይው፤ ነገ ታጠፊዋለሽ።»

መተው የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ፎቶውን አጠፋችው። ቦታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ያ አልዋጥላት አለና በጥቁር ላይ የበራ ሻማ ለጠፈች።

«ስም የለበትም» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ማን ያውቃል?»

እኔ ነኝ ስልኩን ከእጇ መንጠቅ የነበረብኝ። መቀሴን አንሥቼ ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ፤ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። እመቤት ናት፤ ድምጿ ለኔም ይሰማል።

«ፀጌ፣ ሳሎኔን ለጓደኞቼ ላሳይ ስከፍተው የለም። ሻማው የማን ነው?»

ፀጋነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«ዓለምነው ነው?»

«እሙዬ፣ እስኪ መጀመሪያ ነይ…»

ስልኩ ተዘጋ። ደጋግመን ብንደውል አላነሣችም። ጋሽ አድማሴን ፈልገን አግኝተን፣ አክስቶቿን ጠርተን፣ መናኸሪያ ስንደርስ እመቤት ከሚኒባሱ ወርዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ዓይኗ ቀድሞ አብጧል። ለማርዳት የመጣው ሰው የሚያረዳው አልቀረውም።

በሣልስቱ ፀጋነሽ እግሯ ላይ ወድቃ «ይቅር በይኝ» አለቻት። እመቤት ትከሻዋን ይዛ አነሣቻት። ምነው በተቆጣቻት አልኩ በልቤ።

«ለክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ» አለቻት። «አባታችን የሞተ ጊዜ አክስቶቼ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነው የሰማሁት። አሁን ግን ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው ነበር። እሱ ትከሻ ላይ አለቀስኩ። እሱም እንጅባራ ሳንደርስ አዲስ ቅዳም ላይ ወረደ።»