ከቢን ኦምራን እስከ ጎማ መፍጫው

ቅዳሜ ማለዳ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከቢን ኦምራን፣ የተነሣሁት ሥራ ፍለጋ ነው። የዘበኝነት ውሌ ሊያልቅ ነው፤ ዓረቦቹ ሹግል የሚሉትን ሌላ ሥራ ካላገኘሁ ልጄን አስቴርን አል ቱማማ በሚባል ሰፈር፣ በሰው ቤት፣ ብቻዋን ትቼ አገሬ ልገባ ነው። በፌስታል የያዝኩት ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን በረባሶ ነው። ጫማ መሥራት ማንም አላስተማረኝም። ጎማ የሚፈጭ ፋብሪካ እንዳለ ስሰማ ግን እጄን የሚፈልግ ቦታ ተገኘ አልኩ።

ከካፌቴሪያው ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይና ቻፓቲ ቂጣ ቀምሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሰው ሰላምታ ሲነፍግ አልወድም፤ እኔም ግን ለማንም ሰላም አላልኩም። ከተማው አልቆ አቧራና ረጅም አጥር ብቻ ቀረ።

ፋብሪካው ውስጥ

ፎርማኑ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ነው። “አባባ፣ ይግቡ እስቲ” ብሎ አስጎበኘኝ። ጎማው ይቆራረጣል፤ ማግኔት ሽቦውን ይለቅመዋል፤ የቀረው እንደ ጥቁር አዝሙድ ደቅቆ ይወጣል። በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ የሕፃናት መጫወቻ ሜዳ ንጣፍ ይሆናል።

በረባሶዬን ላሳየው አወጣሁና ቁርጥራጩ ከሚጓዝበት ቀበቶ ዳር አኖርኩት። አንድ ሠራተኛ ከጭነቱ የወደቀ ጎማ መስሎት ገፋ አደረገው። ማሽኑ ዋጠው።

ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “አባባ፣ በረባሶዎ እኮ መጫወቻ ሜዳ ሆነ!” ፊቴን ሲያይ ሳቁን ገታ። “አይቀየሙኝ። እዚህ እጅ አይፈለግም፤ ሁሉም በማሽን ነው።”

አል ቱማማ

አስቴር አመሻሽ ላይ የአሠሪዋን የማዳምን ሕፃን መናፈሻ ታወጣለች፤ የማገኛትም እዚያ ነው። ስደርስ ሕፃኑ ከመንሸራተቻው ወደቀ፤ አላለቀሰም። መሬቱን ዳበስኩት። ያው የተፈጨ ጎማ ነው።

“ሹግሉስ፣ አባዬ?”

“ኸላስ። አልሆነም።”

ሕፃኑን አቅፋ ወደ እግሯ አየች። “እንግዲያ ወደ አገር ሳይሄዱ በረባሶ ይሥሩልኝ። ግቢ ሳጥብ ይሄ ነጠላ ጫማ እያንሸራተተ ሊገድለኝ ነው።”

“ማዳም ብትስቅብሽስ?”

“ትሳቅ! ወድቄ ከምትስቅብኝ ይሻላል።”

ወደ ክፍሌ

ስመለስ ከሰፈሩ ጎሚስታ አንድ ያለቀ ጎማ ለምኜ ገባሁ። አሮጌ ጎማ እዚህ አገር ሥራ ያገኛል፤ እኔ አላገኘሁም። ያለቀ ነገር ለመጣል አትቸኩሉ ብዬ ልጆቼን ስመክር ኖሬያለሁ፤ ዛሬም እመክራለሁ።

ቢላዬን አንስቼ ስቀመጥ የእግሯን ልክ እንደማላውቅ ገባኝ። የማውቀው የልጅነቷን ነው። በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆነች ስልክ አታነሳም። የሰፋ ጎማ ይቀነሳል ብዬ አስፍቼ ቆረጥኩላት።