በአሥራ ሦስተኛው ወር የተወለደች

የልጅ ልጄ ኢድሪስ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና የሚረባውንም የማይረባውንም ያነብልኛል። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ቁጥሮች ነበር። አሥራ አንድ የኳስ ተጫዋች፣ በአሥራ አራት የምትሞላ ጨረቃ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት የሚወጣ መታወቂያ። «አያቴ፣ ፈረንጆች አሥራ ሦስትን ይፈራሉ! ሆቴላቸው ውስጥ አሥራ ሦስት ቁጥር ክፍል የለም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፈረንጅ አይደለሁም፤ ግን እኔም እፈራዋለሁ።

እናቴ ከወሎ ተነስታ ጨርቅ እየነገደች ሞያሌ የደረሰች፣ ድንበሩን ተሻግራ ያገባች ሴት ነበረች። እኔ የተወለድኩት በዚህ በኬንያ በኩል፣ ቡቲዬ፣ አባቴ ቤት ነው። እናቴ ግን ዘመን አቆጣጠሯን ይዛ ነው የተሻገረችው። «ፓጉሜ ሦስት ቀን ተወለድሽ። ከአሥራ ሁለቱ ወር የተረፈችው አምስት ቀን ናት፤ አንቺም እንደሷ ሚጢጢ ነበርሽ» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር፣ ቤት ስገባ አሥራ ሦስት። ለእኔ ምንም አልነበረም፤ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ማድረግ ነው።

ይህን ከቤት ውጭ የነገርኩት ለሐሊማ ብቻ ነው። ሐሊማ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች፤ የሷም እናት ከወዲያ ማዶ የመጣች ናት። አንድ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ለሁለት ገምሰን፣ የግመል ወተት ሻይ በአንድ ኩባያ ጠጥተን አደግን። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን ሁለታችንም መምህራን ማሠልጠኛ አለፍን። ለመሄድ ግን መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ከሞያሌ በአውቶቡስ ብትወጣ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያወርዱሃል።

መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ እኛ የድንበር ልጆች ሽማግሌዎች ፊት ቀርበን «አዎ፣ የዚህ አገር ልጅ ናት» መባል አለብን። አባቴ በሕይወት ቢኖር ማንም ባላስጨነቀኝ ነበር፤ እሱ ግን ከሞተ ቆይቷል።

ሽማግሌዎቹ ፊት በቀረብንበት ጠዋት ነፋሱ ቀዩን አፈር እያነሳ ዓይን አላስገልጥ ብሏል። ሐሊማ ቀድማ ገባች። ቆየች። ስትወጣ «ቀላል ነው፣ አትፍሪ» አለችኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም።

ገባሁ። ከአራቱ ሽማግሌዎች ትልቁ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡት፣ ስለ አባቴ ጎሳና ስለ ቡቲዬ የውሃ ጉድጓድ ጠየቁኝ። አንዱንም አልሳትኩም። ከዚያ ድንገት በአማርኛ፣

«ልጄ፣ ፓጉሜ ነው አሉ የተወለድሽው?»

«አዎ አባባ፣ ግን እሱ የእናቴ...»

«እዚህ አገር አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» አሉ። «በሌለ ወር የተወለደ ሰው ደግሞ እዚህ አልተወለደም።»

ሌሎቹ ሳቁ። የእናቴ አቆጣጠር ነው እንጂ የተወለድኩትስ እዚሁ ነው ብዬ ለመንኩ፣ አለቀስኩ፤ ማን ሰምቶ! ወረቀቴን ወደ ጎን አደረጉት።

ሐሊማ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ነገርሻቸው?» አልኳት።

«ከወዲያ የመጣው ማን ነው እያሉ ሲያፋጥጡኝ... አንዳችን እንኳ እንለፍ ብዬ ነው።»

አንዳችን! ወላሂ፣ ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ባላጋራዬ ብትሆን እኮ አይገርመኝም፤ እሷ ግን ራሷን ለማዳን የሰጠችው እኔ በእምነት የነገርኳትን ነው።

ሐሊማ ሄዳ መምህርት ሆነች። እኔ መታወቂያ ያገኘሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ የእናቴ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ከተቀመጥኩ ወዲያ ነው። ክፉ ኑሮ አልኖርኩም፣ አልሐምዱሊላህ። ልጆቼን ማንበብ ያስተማረቻቸው ሐሊማ ናት፤ አሳምራ ነው ያስተማረቻቸው፣ ሐቁን ልናገር። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እህቴ» ትለኛለች፤ እኔም «እህቴ» እላታለሁ። ይቅር ብያታለሁ እላለሁ። ይቅር ያለ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ሰው ያምናል መሰለኝ።

ቀኑን አላውቅም ስላልኩ መታወቂያዬ ላይ የተወለድኩበት ቀን ጃንዋሪ አንድ ይላል። ባሌ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሲሞት ያንኑ ነው የሚያውቀው።

ቅዳሜ ኢድሪስ ስልኩን አስቀመጠና «አያቴ፣ ልደትሽ ግን መቼ ነው? ኬክ እገዛልሻለሁ» አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሚወደኝ ልጅ ነው፤ ቢያውቅ ምን ያደርገኛል?

«ጃንዋሪ አንድ» አልኩት።