ካርታው ያላየው ክረምት፤ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ ማዶ

ማክሰኞ፣ ማለዳ 12 ሰዓት

ከጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ከሚባለው ሰፈር ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ገና ቅርቡ ነው፤ የእቅድ ቢሯችን ያለው አንድ ኮምፒዩተር ነው። እሱም ከሳተላይት ፎቶ በተሠራ ካርታ ላይ ከኢታንግ ወዲያ ለሚገነባው ጤና ኬላ ቦታ መርጧል፤ ሜዳ፣ ለመንደርም ለመንገድም ቅርብ። ጎሬ ላይ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሳልረግጠው አልፈርምም አልኩ። ኃላፊዬ "አንድ ቀን ብቻ" ብለው መኪና ሰጡኝ።

3 ሰዓት፣ ኢታንግ

አቧራ ለብሰን ገባን። ከሾፌሬ ከታደሰ ጋር የተጠበሰ ዓሣ በላን። መንገድ የሚመሩንን ማማ ኛቦልን ያገኘነው እዚሁ ነው፤ የልምድ አዋላጅ ናቸው፤ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ነው።

5 ሰዓት፣ የተመረጠው ቦታ

ያለንበትን በቁጥር የሚነግረው ጂፒኤስ ከካርታው ጋር ልክ ገጠመ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማማ ኛቦል ሳቁ።

"መምህር፣ እዚህ ክረምት ዓሣ ነው የምናጠምድ።"

ወደ አንድ ዛፍ ወሰዱኝ። ጎርፍ የተወው የጭቃ መስመር ከራሴ በላይ ነው።

"ሰዉስ?"

"ወደ ላይ ይሄዳል። መንደር ሁለት አለን፤ የበጋ አንድ፣ የክረምት አንድ። ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ያዛት። ሐኪም ስንፈልግ ታንኳ ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ አልቆየም።"

የካርታውን ቀን አየሁ። ፎቶው የተነሳው በበጋ ነው።

8 ሰዓት፣ ከፍታው

"መምህር፣ ኃላፊው አንድ ቀን ነው ያሉት" አለ ታደሰ።

"አውቃለሁ። ወደ ክረምቱ መንደር እንሂድ" አልኩት።

መኪናውን ትተን በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ተጓዝን። ባዶ የሣር ቤቶች፣ አመዱ የቀረ ምድጃ። ማማ ኛቦል መሬቱን በእግራቸው መቱ፤ "እዚህ ውሃ ደርሶ አያውቅም። እናቴም አላየችም።" ጂፒኤሱ ሳተላይት እስኪያገኝ ቆሜ ቁጥሩን መዘገብኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቢሮ

"ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል ነው የምትለኝ?" አሉ ኃላፊዬ።

"የሰጠነውን በትክክል ሠርቷል። ክረምቱን ግን አልሰጠነውም።"

"እሺ፣ ሲሚንቶው በምን ይደርሳል?"

"እስከ ሜዳው በመኪና፣ ከዚያ በሰው ሸክም። እኔም አብሬ እሸከማለሁ።"

ከፍታውን ምልክት አድርጌ ያቀረብኩትን አዲሱን ካርታ አነሱ። ከግርጌው "ቦታውን የለዩት ባለሙያ፦ ወይዘሮ ኛቦል" ብዬ ጽፌበታለሁ። ደጋግመው አነበቡት።

"በየትኛው ክፍል ነው የሚሠሩት?"

የልምድ አዋላጅ መሆናቸውንና ስለ ታንኳው ነገርኳቸው። እስክሪብቶ አወጡ።

"ሲሚንቶው ከዝናቡ በፊት ይግባ" አሉ፤ ፈረሙ።