ፎቶው ሳይቀመጥ «ተቀምጧል» የሚለው ፕሮግራሜ

ዛሬ አንዲት እናት ከአጋርፋ በአውቶቡስ መጥተው የሞቱትን ባለቤታቸውን ፎቶ ጠየቁኝ። ፎቶው የለም።

የምሠራው ሮቤ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። የደንበኞችን ፎቶ በየስማቸው የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት እየለቃቀምኩ ተምሬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰውየው ለመታወቂያ ሲነሱ በአክብሮት «ሼ/አህመድ» ብዬ መዝግቤያቸው ነበር።

ለካ ኮምፒውተሩ በፋይል ስም ውስጥ ያቺን ዘንበል ያለች መስመር አይቀበልም! ፕሮግራሜ ደግሞ ፎቶው ሳይቀመጥ «ተቀምጧል» ይላል። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

«ሼ/» እና «ወ/ሮ» ብዬ የመዘገብኳቸው ሁሉ የሉም። ያለ ማዕረግ የጻፍኳቸው ጎረምሶች ግን አንድም አልጎደሉም። ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም።

ፕሮግራሙን ስሞክረው ያስገባሁት የራሴን ስም ብቻ ነበር። እኔን ወ/ሮ ብሎ የሚጠራ የለም።

«ካሜራው ላይስ?» አሉኝ እናትየዋ።

«አዴ፣ እናቴ፣ ከካሜራውም አጥፍቼዋለሁ።»

«መታወቂያውም ጠፍቷል፤ ሌላ ፎቶ እኮ የለውም» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «አብሽሪ ልጄ። የሌላው ሰው እንዳይጠፋ ግን አሁኑኑ አስተካክዪው።»

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ መስመር ኮድ ነበር የሚያስፈልገው። ጽፌ ስጨርስ ተነስተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ይህን ሥራ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። የመጀመሪያዋ እኚህ የበደልኳቸው ሴት ሆኑ።

እናንተስ፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ነገር የሰው ንብረት አጥፍቶባችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው?