በሶ የጠጣው ራዲያተር

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፦ ኮምቦልቻ

ስንወጣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። የዳቦ ቤት ጭስ፣ የጋሪ ፈረስ፣ አስፋልት ዳር እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ሰርቪስ የሚጠብቁ የፋብሪካ ሠራተኞች። መሪውን የያዘችው ኢንግሪድ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ስዊድናዊት። ቫኗን ጅቡቲ ላይ ከመርከብ አውርዳ በሚሌ በኩል ወደ እኛ ከተማ መጣች። ቫኗ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና ትልቅ የእንጨት ቁም ሳጥን አለ፤ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ታስሯል።

የምትሄደው ሞምባሳ ነው። እኔ ላስተረጉምላት፣ እሷ ልታሳፍረኝ ተስማማን። ስለ ሩቅ አገር ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ድንበር ግን ተሻግሬ አላውቅም። እናቴ ለመንገዱ በሶ ቋጥራልኛለች፤ አንድ ትልቅ ፌስታል ሙሉ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት፦ የጣርማበር ዳገት

ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። በግራ ገደል፣ በቀኝ ዓለት፣ ከላይ ጉም። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሲጠጋ ኢንግሪድ ዳር ይዛ አቆመች። ኮፈኑን ስንከፍት እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈው። ራዲያተሩ ከታች ተበስቶ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ።

"በሶ አላችሁ?"

የራበው መስሎኝ ፌስታሉን አወጣሁለት።

"ጎሽ! ሲሞቅ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እኔ መተማ ድረስ በዚህ ተመላልሻለሁ።"

ለኢንግሪድ ተረጎምኩላት። ፌስታሉን አየች፣ ሾፌሩን አየች፣ ገደሉን አየች።

"አውቶቡስ ላይ ይህን አላስተማሩንም" አለች። ከዚያ ትከሻዋን ነቅንቃ እሺ አለች።

ሾፌሩ በሶውን በውሃ እየበጠበጠ አንቆረቆረው። አንድ ጭብጥ ይበቃል ብሎ ጀምሮ መልሶ መላልሶ ጨመረ። "ኧረ በቃ!" ስለው ተቆጣኝ፤ "ለእንግዳ ይሰሰታል እንዴ?" ፍሳሹ ቆመ። ሽንኩርት መርቆልን፣ ጥሩንባውን ነፍቶልን ሄደ። ማታ አዲስ አበባ ገባን።

ሐሙስ፣ ረፋድ፦ መሳለሚያ

ኢንግሪድ ለደቡቡ መንገድ የውሃ ጀሪካን ልግዛ ብላ ወደ መርካቶ አቀናን። መሳለሚያ ላይ ሚኒባስ በግራ፣ ሚኒባስ በቀኝ፤ መሃል ላይ የኛ ቫን እንደ ድስት ፈልታ ቆመች። ረዳቶቹ ጮኹ፣ ጥሩንባው ቀለጠ። ተሸካሚዎች ሮጠው መጥተው መግፋት ጀመሩ። አንዱ በመስኮቱ አልጋውን አይቶ ሳቁ አመለጠው።

"ማዘር ከነቤቷ ነው እንዴ የመጣችው? የቤት ቁጥሯ ስንት ነው?"

እየገፉ አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ጋሽ ሸምሱ ደጃፍ አደረሱን። ጋሽ ሸምሱ የወሎ ሰው ናቸው፣ ራዲያተር ሠሪ፤ ሱቃቸው ከአንድ በር አይሰፋም፣ ሥራው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ራዲያተሩን ነቅለው ክዳኑን ሲከፍቱ ቡናማ ልቅላቂ ዝርግፍ አለ። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

"ምን አጠጣችኋት?"

"በሶ" አልኩ።

ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ጎረቤቱ በያጅ ጭምብሉን ገልጦ "ቅቤና በርበሬ አምጡ፣ ገንፎው ደርሷል!" ብሎ ሲጮህ መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ኢንግሪድም ስተረጉምላት ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

አመሻሹ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሸምሱ ራዲያተሩን በፈላ ውሃ ሲያጥቡት ውለው ነበር። በላይ ያፈሰሱት ውሃ በታች በግማሹ ቱቦ ብቻ ይወጣል። ገንፎው ውስጡ ደርቋል፤ በሽቦ ሲነኩት ደግሞ ቱቦው ይቀደዳል። ጋሽ ሸምሱ የላኩት ደላላ ለዚህ መኪና የሚሆን ሌላ ራዲያተር ፍለጋ መርካቶን ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"እስከ ነገ ማታ ካልተገኘ ቫኗን በጭነት መኪና ጅቡቲ እልካትና እኔ በአውሮፕላን እመለሳለሁ" አለች ኢንግሪድ። የሚቀጥለውን ፌርማታ እንደምትናገር ነበር ድምፅዋ። "እኔስ?" አላልኩም። የተስማማነው መኪናዋ እስከሄደች ድረስ ነው።

ዓርብ፣ ቀትር፦ አንዋር መስጊድ ጀርባ

ሰው እየበዛ ነው። ቅመም ቤቶቹ በራቸውን ገርበብ አድርገዋል፣ ጨርቅ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በሸራ እየሸፈኑ ነው። መንገዱ ላይ መስገጃ፣ ካርቶን፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጋሽ ሸምሱ አንድ የአይሱዙ ራዲያተር ይዘው መጡ። የቫኗን የፊት ብረት ትንሽ ቆርጠው፣ ማያያዣውን በያጁ ቀይሮላቸው፣ ገጠሙት። ሞተሩ ተነሳ። ቀስቱ መሃል ላይ ቆመ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ያኔ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ለማዘር እንደዚህ በልልኝ። እስከ ሐዋሳ ችግር የለም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ከያቤሎ ወዲያ ግን ቆላ ነው፤ ኬንያ ከገባችሁ ደግሞ ይብሳል። ለዚያ እኔ አልምልም። ጭነት ካልቀነሰች ትቆምባታለች።"

ኢንግሪድ አፌን እያየች ትጠብቃለች። "ተሠርቷል፣ እንሂድ" ብል ያበቃል። ጋሽ ሸምሱ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ እሷ አማርኛ አታውቅም፤ በሁለቱ መካከል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቫኗ በረሃ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጥላ የሌለበት መንገድ ታየኝ። ቃል በቃል ነገርኳት፤ "አልምልም" የሚለውንም፣ ጭነቱንም። ሙቀቱን ስነግራት ድምፄ ቀነሰ መሰለኝ፣ "ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት።

ቫኗን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ እኔን።

"አንተ ስንት ኪሎ ነህ?"

"ስልሳ አልሞላም" አልኩ።

ቫኗ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ጋሽ ሸምሱ "ና፣ የሶላት ሰዓት ደርሷል" ብለው ክንዴን ያዙኝ።

የሰጋጆቹ ሰልፍ መኪኖቹን እየዞረ መጥቶ ከኛ ቫን ጎማ ሥር ነው ያበቃው። የቆምኩት ጎማው አጠገብ ነው። የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ በድምፅ ማጉያ ሲደመጥ፣ ቀና ስል፣ ኢንግሪድ በመስኮቱ ትታየኛለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካቻቢቴ በእጇ ታዟዙራለች። በሶላት መሃል ስለ ኪሎ ማሰብ ነውር ነው፤ እኔ ግን ግንባሬን ካርቶኑ ላይ ሳደርግ ሁሉ የራሴን ክብደት አስብ ነበር። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ሚኒባስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጫን አስቤ ነበር። እናቴን ምን እንደምላትም።

አሰላምተን ሶላቱን ጨርሰን ምንጣፉ ሲጠቀለል የቫኗ በር ተከፈተ። መጀመሪያ የቁም ሳጥኑ አንድ በር ወጣ። ቀጥሎ ሌላው። ሶላቱ እስኪያልቅ ድምፅ ላለማሰማት መዶሻ አልነካችም፤ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትታዋለች። ምድጃው ወጣ፣ ብስክሌቱ ወረደ፣ የቆርቆሮ ምግቡ ካርቶን ወጣ።

"ማዘር ሱቅ ከፈተች!" ተባለና ከበቡን። አንድ የልዋጭ ሰው፣ በአሮጌ ዕቃ አዲስ ፕላስቲክ የሚለውጥ፣ ቁም ሳጥኑን በመዳፉ ዳሰሰው።

"በዚህ ሁለት ሳፋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጆግ" አለ።

"በነፃ ይውሰደው" አለች ኢንግሪድ።

"በነፃማ አልወስድም! ለማኝ መሰልኳት?"

"ክብደት እየቀነስን ነው፣ ባልዲ ጨምረህ ምን ልታደርገን ነው?" አልኩት።

ተከራከርን፤ አካረርን፤ ሰው ሁሉ ገባበት። በመጨረሻ ካለው ሁሉ የቀለለውን፣ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ወንፊት፣ እጇ ላይ አስቀምጦ ቁም ሳጥኑን አስጫነ። ኢንግሪድ ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሻንጣህ የት አለ? ግባ እንጂ።"

ቅዳሜ፣ ጠዋት፦ እንጦጦ

ጋሽ ሸምሱ ሳይፈትኑ መኪና አይለቁም። ጀሪካን ታቅፈው ከኋላ ወለሉ ላይ ተቀመጡና ዳገቱን ወጣን። እሳቸው ቀስቱን፣ ኢንግሪድ መንገዱን፣ እኔ ሁለቱን አያለሁ። ጫፍ እስክንደርስ ጀሪካኑ አልተከፈተም። "አላህ መንገዳችሁን ያቅናው" አሉ፤ ለቆላው ግን አሁንም አልማሉም።

ማክሰኞ፦ ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከዚያም ወዲያ

ቀይ አፈር፣ ኩይሳ፣ ግመል፣ ግራር። ሙቀቱ በመስኮት ሳይሆን ከወለሉ ይመጣል። ቀስቱ ከመሃል ትንሽ ከፍ ሲል ኢንግሪድ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተችው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ እየሳበ ወደ እኛ እንዲያመጣው። በበረሃ መሃል ማሞቂያ ከፍተን፣ ላባችን በአገጫችን እየወረደ ነዳን። ቀስቱ ቆመ። ሳይወርድ፣ ሳይወጣ፣ ሞያሌ ድረስ።

ድንበሩ አንድ መስኮትና አንድ ማኅተም ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ያረፈውን ቀለም እስኪደርቅ ክፍት አድርጌ ይዤው ወጣሁ።

ከኬላው ወዲያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። የኛ መሪም በግራ ነው። ስለዚህ ከፊታችን ፍየል የጫነ ከባድ መኪና ሲዘገይብን ኢንግሪድ የሚታያት የሱ ጀርባ ብቻ ሆነ። የሚመጣውን መኪና ማየት የሚችለው በቀኝ፣ በኔ ወንበር ያለ ሰው ነው። ቀስ ብለን ስንከተል ሞተሩ ይሞቃል፤ ማለፍ አለብን።

"ሰይድ፣ ከፊት ምን አለ?"

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ነፋስ፣ አቧራ፣ ሩቅ ላይ የሚያበራ መስታወት።

"አውቶቡስ እየመጣ ነው። ቆይ።"

ቆየች። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን አለፈ።

"አሁንስ?"

መንገዱን እስከ ጥጉ አየሁት። ደግሜ አየሁት።

"ባዶ ነው። ሂጂ።"

"ድገመው" አላለችም፤ መሪውን አዞረች።