ጉልበቴና አንዴ ብቻ የሚጠይቁት ሰዎች

ከጊንጪ እስከ ጉደር ባለው አገር እንደ እኔ ዓይነት ጉልበት ያለው ወንድ አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የስዊድን ሐኪሞች በካሜራ ውስጡ ድረስ ገብተው አይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ለጥናት መርጠውታል። የመረጡት ግን ስለተበላሸ ነው።

የተበላሸው ከአምቦ በወጣሁበት ምሽት ነው። ሚስቴ ብርሃኔ ቀድማኝ ስዊድን ሄዳ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ይዛ፣ እኔን በቤተሰብ ጠርታኛለች። ልጃችን ሊዲያ ዕድሜዋ አልፏል ስለተባለች ከአክስቷ ጋር ልትቀር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን እያመጣ ሲጠቀጥቅ ሻንጣዬ አንድ ወይፈን አክሏል። ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል። የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ ጌታሁን፣ እኛ እንያዝልህ" ቢሉኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ሻንጣ በሰው ላሸክም? ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩትና፣ ሕዝብ እያየኝ፣ ሮጥኩ። ከግቢው ሳልወጣ ግራ ጉልበቴ ቀጭ አለ። እኔም ሻንጣውም በሰው ሸክም ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። ሊዲያ በመስኮቱ በኩል ታለቅስ ወይ ትስቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልለየሁም።

እንግዲህ ስዊድን ገባሁላችሁ። ብርዱን ላውራችሁ ብዬ ነበር፣ አታምኑኝም፤ ሰው ሲያስነጥስ ድምፁ ከርሞ በፀደይ ነው የሚሰማው። ጋዝ ያለው ውሃ አላቸው፣ ግን እንደ እኛ አምቦ አፍንጫ ሰርስሮ ዕንባ የሚያወርድ አይደለም፤ ይቅርታ እየጠየቀ የሚወርድ ውሃ ነው። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ እንዳንገናኝ ኮቴዬን ሲሰማ ቤቱ ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ የጠላኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ እኔን ላለማስቸገር ኖሯል!

ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሳህን ሳጥብ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ጉልበቴ ማታ ማታ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ይላል። እንደምንም ችዬው ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ቀን ሊዲያ ደወለች።

"አባዬ፣ ላገባ ነው። ሠርጉ ለከርሞ ጥር ነው።"

ሙሽራው ጉታ የሚባል መምህር ነው፤ አባቱ ኦቦ ቶሎሳ የደንዲ ገበሬ ናቸው። እልል አልኩ። ጎረቤቴ በሩን ሲቆልፍ ተሰማኝ።

"ግን አባዬ..." አለች ልጄ፣ "እንግዳውን ቁጭ ብለህ ነው የምታስተናግደው?"

ይቺ ነገር አንጀቴ ውስጥ ገባች። የሙሽሪት አባት እኮ ወንበር የለውም! ድንኳኑን ከዳር እዳር እየዞረ "ኧረ ብሉ! ምነው አልቀመሳችሁትም?" እያለ ነው የሚውለው። ጥግ ላይ ከዘራ ተደግፎ የሚቀመጥ ደጋሽ ማን አይቷል? ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። በእግሬ ቆሜ ልድራት ማልኩ፤ ሆስፒታልም ሄድኩ።

ሐኪሟ ዶክተር ኢንገር ትባላለች። አስተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ ካለ ስልክ ውስጥ የሚወጣ የሸዋ ድምፅ ነው። ሥጋ ቤት የበሬ ጉልበት ሲከፈት፣ አጥንቱ ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ ለስላሳ ነገር አይታችሁ የለ? እሱ ነው የተቦጨቀው። ክረምት የመታው የሸነን መንገድ በሉት፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

"ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና እያወዳደርን ነው" አለች። "አንደኛው፣ ከሥር ያለውን አጥንት በቀጭን መውጊያ እየበሳን ደም እንዲፈስበትና ጉድጓዱ በጠባሳ እንዲሞላ እናደርጋለን። ሁለተኛው፣ ከራስዎ ለስላሳ አጥንት ትንሽ ቆንጥረን ላቦራቶሪ ውስጥ እናራባና መልሰን እንተክላለን።"

"የትኛው ይሻላል?"

"አናውቅም። ለዚህ ነው የምናጠናው።"

እኛ ጋ አላውቅም የሚል ሐኪም ቢገኝ በሽተኛው ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። እኔ ግን ወደድኳት።

"ታዲያ ለእኔ የቱ እንደሚደርሰኝ ማን ይወስናል?"

"ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል።"

"ዕቁብ ነው በሉኛ!"

አስተርጓሚው አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ሐኪሟ "ኦ" አለች።

ጥናቱ የሚቀበለው እስከ ሃምሳ ዓመት ያሉትን ብቻ ስለሆነ፣ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ ከወጣቶቹ ተመደብኩ። ብርሃኔ አጠገቤ ሆና ብትሰማ ብዬ ተመኘሁ። ካልገባሁ ደግሞ ያለኝ ምርጫ እግር ማፍታቻ ስፖርትና መጨረሻው የማይታይ ወረፋ ነው።

"ለመሳተፍ ይፈልጋሉ?" አለች ዶክተር ኢንገር።

አሁን ፍረዱኝ። ሰው ቤት ገብታችሁ "ኑ ብሉ" ስትባሉ ዘላችሁ ገበታ ላይ ትወጣላችሁ? "አይ፣ አሁን በላሁ" ትላላችሁ። "በሞቴ!" ትባላላችሁ። "ኧረ ጥግብ ብያለሁ" ትላላችሁ። እጃችሁን ይጎትቷችኋል። ያኔ ነው ጨዋ ሰው የሚቀመጠው። እኔም የአምቦ ጨዋ ነኝና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "አይ፣ እናንተን ማስቸገር ይሆንብኛል። ለእኔ ይቅርብኝ" አልኩ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንድሜ፣ እንዲሁ እንዳለ ልተርጉመው?"

"እንዳለ።"

ተረጎመው። ሐኪሟ ብድግ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። "ውሳኔዎን እናከብራለን" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ሮጣ ወጥታ እጅጌዬን ትይዘኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሊፍቱ መጣ፣ ሄደ። መጣ፣ ሄደ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ እግሬን አስነስታኝ ሥሩን ወለወለች። ሐኪሟ ግን አልወጣችም።

ቤት ስገባ ብርሃኔ "እህ፣ ምን አሉህ?" አለች።

"ግባ አሉኝ። ይቅርብኝ አልኳቸው።"

"ለምን?"

"መቼም አንዴ ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው..."

"አንተ ሰውዬ! ቀዶ ሕክምና እኮ ነው፣ ክርስትና የጠሩህ መሰለህ? እነዚህ ሰዎች አንዴ ነው የሚጠይቁት! ሥራ የገባሁ ሰሞን ኬክ አምጥተው 'ትፈልጊያለሽ?' ሲሉኝ 'አይ' ብዬ፣ ዓይኔ እያየ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሰጥተው በሉት!"

እሷው ደወለችላቸው። በሽተኛው ራሱ መጥቶ በአፉ ካልተናገረ አይሆንም አሏት። በማግስቱ ተመለስኩ። ስልኩ ውስጥ ያው ድምፅ ነው።

"ለመሳተፍ ይፈልጋሉ?"

"እፈልጋለሁ! እፈልጋለሁ! በጣም እፈልጋለሁ!"

"ሦስቱንም ልተርጉማቸው?" አለ አስተርጓሚው። እየሳቀ እንደሆነ ያስታውቃል።

ዕጣው ሲወጣ ላቦራቶሪ የሚበቅለው አልደረሰኝም፤ የደረሰኝ መበሳቱ ነው። አዘንኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ፣ ዕቁብ ነዋ! ቀዶ ሕክምናው አለቀ፣ ለሳምንታት በክራንች ሄድኩ፣ ለወራት የትም የማይደርስ ብስክሌት ረገጥኩ። በየቀጠሮው "ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" ይሉኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። "ቁጥር ነው የምንፈልገው" ይላሉ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን እብጠቱ ጎደለ፣ ክራንቹን መለስኩ። አንድ ቀን ሳህን አጥቤ ስጨርስ ጉልበቴን መርሳቴ ትዝ አለኝ።

ጥር ላይ አምቦ ገባሁ። ይቺን ቀን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሊዲያና ጉታ ዝቅ ብለው ጉልበቴን ሲስሙ የተበሳውን አስቀደምኩላቸው፤ ሳመችውና "ይኼ ነው አይደል?" ብላ ጠቀሰችኝ። ከዚያ ተነሳሁ፤ እስኪመሽ አልተቀመጥኩም። ድንኳኑን እንደ ጎረምሳ ዞርኩት፤ ሳህኑን አነሳለሁ፣ ጠላውን አስቀዳለሁ። ብርሃኔ ከወዲያ ማዶ ጉልበቴን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ዶክተር ኢንገር ብታየኝ በጥናቷ ላይ ከእነ ምስሌ ታወጣኝ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ከደንዲ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። ሳህኑን እኔው ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ከሻኛው የተመረጠ።

"ይብሉ እንጂ፣ ኦቦ ቶሎሳ።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ገላቶማ፣ ይብቃኝ። ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።"

"እሺ" አልኩና ሳህኑን ይዤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፍኩ።

ብርሃኔ ክንዴን ስትቆነጥጠኝ እንግዳው እየመረቀ ይወጣ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ መኪና ውስጥ ገብተዋል።

ስዊድን ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሑድ ስልኬ ጮኸ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጌታሁን! ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኦቦ ቶሎሳ! እንደ ፈረስ ነው!"

"እንግዲያው ለፋሲካ ይምጡ። ሐይቁ አጠገብ በግ አርጄ እጠብቅዎታለሁ።"

የደንዲ ሐይቅ፣ የዚያ አገር ነፋስ፣ የበጉ ጥብስ ድምፅ ሳይቀር መጣብኝ። ምራቄን ዋጥ አድርጌ "ኧረ አይቸገሩ፣ አይሆንም" አልኩ፤ "በሞቴ" እስኪሉኝ ነው።

ከጀርባቸው የልጄ ሳቅ ተሰማኝ፤ የሆስፒታሉን ታሪክ ነግራቸዋለች።

"ውሳኔዎን እናከብራለን" አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ ስልኩ ተዘጋ።

መልሰው ይደውላሉ ብዬ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። እስካሁን አልደወሉም። ቢፈርዱብኝ አልቀየምም፤ በአንድ ልጄ ሠርግ፣ በዳነ ጉልበት ቆሜ፣ የሙሽራውን አባት እህል ሳላቀምስ የሸኘሁት እኔ ነኝ።